የሄልሜቱ ማስቀመጫ

እናትየዋ ሆስፒታል ውስጥ የተሰነጠቀውን ነጭ የተማሪ ሄልሜት ጭኗ ላይ አድርጋ ልጇን ታያለች። ቺናትሱ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ከብስክሌቷ በጭንቅላቷ ነበር የወደቀችው፤ የተሰበረው ግን ክንዷ ብቻ ነው።

ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጡት አሮጊት ከአልጋው አጠገብ ቆመው ጎንበስ አሉ። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ‹ፀጉሬን ያበላሽብኛል› እያለች በየቀኑ ሄልሜቷን እኔ ሱቅ አስቀምጣ ነበር የምትሄደው። አሳዝናኝ ደበቅኩላት።»

«ዛሬስ?» አለች እናትየዋ።

«ዛሬማ ጉንፋን ጥሎኝ ሱቁንም አልከፈትኩ።»

«ቅርጫቴ ደግሞ ሞልቶ ነበር፤» አለች ቺናትሱ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ማስቀመጫ ሳጣ ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩት።»

እናትየዋ ተነስታ ከአሮጊቷ ይበልጥ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ሄልሜቱ የጨፈለቀውን የልጇን ፀጉር በጣቶቿ እያበጠረች፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ባይከፍቱልኝ ምናለ» አለች።