ጳጉሜ የሌለበት መዝገብ

አገኘሁሽ የሰኔን ጭቃ እያቦካች ከፎገራ ሜዳ ወረታ የገባችው ጡት ያልጣለ ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ የልደት ወረቀት ልታወጣለት ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው መዝጋቢ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ጳጉሜ የሚባል ወር እዚህ ላይ የለም። ነሐሴ ሠላሳ ልበለው?»

ደሟ ፈላ። «በሩፋኤል ዕለት፣ በጳጉሜ ሦስት ነው የወለድሁት! ውሃው ደጃችን ድረስ ሞልቶ፣ አዋላጅ እንኳ መሻገሪያ አጥታ። ያማጥሁበትን ቀን አንተ ነህ ከመስታወት አይተህ የምትነግረኝ? የተወለደበትን ጻፍ!»

ልጁ በጩኸቷ ደንግጦ ጀርባዋን በእግሩ ደበደበው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች «አይዞህ አንበሳው» እያሉ አባበሉት።

መዝጋቢውም በንዴት «ጳጉሜ ሦስት» ብሎ ጽፎ ላከው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። «እሺ» የሚለውን ተጫነ።

ጀርባዋ ቀለላት።

«ልጄን ምን አደረግኸው?» ብላ ጮኸች።

«የምን ልጅ?» አሉ ሴቶቹ።

እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። የአንቀልባው ቋጠሮ እንደጠበቀ ነው። ውስጡ ገና ይሞቃል።