ለልጅቷ ክፍል የተሠራው በር

አባታችን አናጢ ነበር፤ ሙያውን ከነምክሩ ከአያታችን ወረሰ፣ እኔም ከሱ። ከምክሮቹ አንዷ፣ «በር ሠርተህ ስትጨርስ አንኳኳ። መልስ ካልመጣ ደህና በር ነው» የምትል ናት። አባታችን በሕይወቱ ቀልዶ አያውቅም። ይቺን ግን ቀልድ ናት ብለን ወሰንን።

ትናንት ጠዋት ታናሽ እህቴ ጉንፋን የያዛትን ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ለልጅቷ ክፍል ያዘዘችውን በር ልትወስድ መጣች። በሩ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ የአባባ ፈተናስ?»

«አንቺው አንኳኪ። ቀለበትሽን ግን አውልቂ፣ ቫርኒሹን እንዳትቧጭሪብኝ።»

እየሳቀች አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከወዲያ የልጇ ድምፅ፤ ከነጉንፋኑ።

በሩን ጎተት አድርጌ ከኋላው አየሁ። ግድግዳ ብቻ ነው።

መልስ ከመጣ ምን እንደሚደረግ አባታችን አልነገረንም፤ እኛም ስንስቅ ሳንጠይቀው ሞተ። የእህቴን አፍ ልይዝ ተወረወርኩ። እሷ ግን እናት ናት፤ በር ላይ «ማነው?» ስትባል ሁልጊዜ የምትለውን አለች።

«እኔ ነኝ የኔ እናት፣ ክፈቺ።»

መቀርቀሪያውን ገና አልገጠምኩም፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ከወዲያ በኩል ግን ሲሳብ ሰማነው።