የአማቱ መያዣ

የቁልቁለቱ ኩርባ ሲቃረብ፣ አማቱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ከመኪናው በር በላይ ወዳለው መያዣ ሰደዱ። ባለፈው እዚሁ ቦታ ላይ “ኧረ ገደልከኝ!” ብለው ጮኸውበታል። እሱም ቅዳሜን ሙሉ ከመኪናዋ ስር ተንጋሎ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል አራቱንም ሞላና ሾክ አብዞርበር ጠንከር ባለ አዲስ ቀይሯል፤ የጥፍሩ ግራሶ ገና አልለቀቀም። ፍጥነቱን ሳይቀንስ መሪውን አዞረ።

መኪናዋ አላጋደለችም። ጎማዎቹ አስፋልቱን ጥብቅ አድርገው እንደያዙ ልስልስ ብላ ታጠፈች። የአማቱ እጅ መያዣው ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ። እሱም ምስጋናውን ለመስማት ጆሮውን አቆመ።

“ተመስገን!” አሉ። “ዛሬ ገና አደብ ገዝተህ ቀስ ብለህ ነዳህ።”

ሚስቱ ከኋላ ሳቋን አፈነች። እሱ የፍጥነት መለኪያውን በመዳፉ ሸፈን አድርጎ፣ “አዎ እማዬ፣ ገዛሁ” አለ።