ደጃፍ ላይ የነበረው ቀይ ጫማ

ዱአንጃይ ለብ ያለውን ውሃ በዶክተር ኦራታይ ሽበት ላይ እያፈሰሰች፣ «አልሞቀብዎትም?» ትላለች።

«ደህና ነው።»

ኦራታይ አንገቷን ማጠቢያው ላይ አስደግፋ ጣሪያውን ታያለች። ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው የሠላሳ ዓመት ምርምሯን አመስግኖ በክብር ሊሸኛት ነው፤ ነጩን የክብር ልብሷን ለብሳ ነው የመጣችው። እዚህ የመጣችው ግን ለፀጉሯ ብላ አይደለም። ሦስት ፀጉር ቤቶችን አልፋ፣ ወንዙን ተሻግራ የገባችው ዱአንጃይን ፍለጋ ነው። ከገባች ሩብ ሰዓት ሆናት፤ የመጣችበትን ጉዳይ ግን ገና አላነሳችም።

«አሁንም ያስተምራሉ፣ ዶክተር?»

ኦራታይ ትደነግጣለች። «አወቅሽኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁኝ ኖረው እንዴት አላውቅዎትም?» ዱአንጃይ ሻምፖውን እያሸች ትስቃለች። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ሴት እንደሆንሽ ይሰማሽ ነበር? አዎ። ሴት አፍቅረሽ ታውቂያለሽ? ኧረ በጭራሽ። ልጅስ? የምን ልጅ። ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር እኮ። ቀድማ የተጠየቀችው ለተከታይዋ ታስጠናታለች።»

ያን ጊዜ ወንድ ሆነው ተወልደው ሴት ለመሆን ለሚሹት የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ደብዳቤ የምትፈርመው ኦራታይ ነበረች። ልጅ ያላት እውነተኛ ሴት አይደለችም ተብሎ ደብዳቤ አይሰጣትም። ስሟን ያስጠራው ጥናትም የወጣው ከእነዚሁ መልሶች ነው፤ ከተጠየቁት ዘጠና ሁለት ሰዎች ልጅ ያለው አንድም አልተገኘም ይላል።

«ቤትሽ የመጣሁ ቀን» ትላለች ኦራታይ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጫማዬን ደጃፍ ላይ ሳወልቅ የሕፃን ጫማ ነበር። ቀይ። የእኔን ከጎኑ አስቀመጥኩ።»

የዱአንጃይ ጣቶች ይቆማሉ።

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። ብጠይቅሽ ደብዳቤውን ልከለክልሽ ነው፣ አዝኜልሽ ነው የሚል። ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው አይደለም።

«ቁጥሬ እንዳይበላሽብኝ ነው» ትላለች። «አንድም የለም የሚለው አምሮልኝ ነበር።»

ዱአንጃይ ቧንቧውን ትዘጋለች። ትቆጣለች ብላ ኦራታይ ትጠብቃለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ ነው።

«እኔ ደግሞ ይደርሱብኛል ብዬ፣ የልጄን እናት ‹አባትሽ ሞቷል በያት› አልኳት። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ደብዳቤው ከወጣ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ግን በየዓመቱ ለነፍሴ ብላ ለመነኮሳቱ ምግብ የምታቀርብ ልጅ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«ስሟ ማነው?»

«ጂራፓ።» ዱአንጃይ ፀጉሯን ማሸቷን ትቀጥላለች። «አምና ለሠርጓ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። የላከቻት እናቷ ናት፤ ልጅቷ ግን ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራኋት። እጅሽ አያምም፣ አለችኝ።»

ኦራታይ ቀና ትላለች።

«እዚሁ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው» ትላለች ዱአንጃይ፣ ትከሻዋን ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ እየመለሰቻት። «ይደገፉ፣ ዶክተር። ሻምፖው ገና አልለቀቀም።»

ኦራታይ ግን ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ማሳረፍ ያቅታታል። አረፋው በአንገቷ በኩል ወደ ነጩ የክብር ልብሷ ይወርዳል።