የአዛውንቱ ኦላንጎ የቀብር መጽሔት

አዛውንቱ ኦላንጎ በሰባ አራት ዓመታቸው ሞቱ። ሆማ ቤይ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሰፊ መሬት ነበራቸው። የትልቋና የሁለተኛዋ ሚስት ወገኖች ተሰብስበው ቀብሩን ለቅዳሜ ቆረጡ።

የቀረው የሟች ታሪክና የሚስቶቻቸው፣ የልጆቻቸው ስም ታትሞ ለለቀስተኛ የሚታደለው የቀብሩ መጽሔት ነበር። ሆማ ቤይ ውስጥ ስሙ መጽሔቱ ላይ ያልወጣ ልጅ መሬት ሲካፈል «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የትልቋ ሚስት ልጅ ኦጂጆና የሁለተኛዋ ወንድም ኦግዌኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው አስጻፉት። ቦታውም የተመረጠው በድርድር ነው። ከከተማው ሁለት ማተሚያ ቤቶች አንዱ የኦጂጆ የአጎት ልጅ ንብረት ስለሆነ፣ የማዳም አፖንዲ ቤት ገለልተኛ ተባለ።

ማዳም አፖንዲ ሰኞና ማክሰኞ ዘግታ ነበር። ረቡዕ ጥቁር ሻሽ አስራ ከፈተች። የሟችን የልደት ቀን ሳይነግሯት ጻፈች። ያመጡት ፎቶ ደብዝዞ ስለነበር ከኮምፒዩተሯ የተሻለ አወጣች።

«እሳቸው ደብዳቤ ሊያስጽፉ እኔ ጋ ይመጡ ነበር» አለች።

ሁለቱ ሰዎች ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ ሦስቴ አንብበው ተስማሙ።

ሐሙስ ጠዋት ሲመጡ ፕሪንተሩ አይሠራም። ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ሲስተሙ እንደ አዲስ መጫኑን ማዳም አፖንዲ ነገረቻቸው። ኮምፒዩተሩን ከፕሪንተሩ የሚያግባባው ድራይቨር አብሮ ጠፍቷል። የአምራቹ ድረ ገጽ ለዚህ አሮጌ ሲስተም ድራይቨር ማቅረብ ማቆሙን በአንድ መስመር አስታውቋል። መሳቢያ ውስጥ የነበረው፣ ድራይቨሩ ያለበት ዲስክም የለም።

«ትናንት መሳቢያው አጠገብ ማን ነበር የተቀመጠው?» አለ ኦጂጆ።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ዲስክ እበላለሁ?» አለ ኦግዌኖ።

«ኅትመቱን አንድ ቀን ባዘገይ ስንት የልጅ ስም እጨምራለሁ ብለህ ነው የወሰድከው?»

«ቆይ፣ እህቴን ‹የወጥ ቤት ሠራተኛ› ብሎ ሊያስጽፍ የነበረው ማነው? አሁን ደግሞ የአጎቴ ልጅ ጋ እንውሰደው በለኛ!»

«ብንወስደውስ?»

«ዓሣውን ለድመት አደራ! አይሞከርም።»

ዓርብ ዕለት ኦግዌኖ ከኪሱሙ ከተማ የኮምፒዩተር ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው አዲስ ላፕቶፕ ይዟል፤ ላፕቶፑ ግን የፕሪንተሩን ወፍራም ገመድ የሚቀበል መሰኪያ የለውም። ኦጂጆ ሳቀ። ኦግዌኖ ሳቁን እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

ከዚያ በኋላ አንዱ ከአንዱ ዓይኑን አልነቀለም። ኦጂጆ ሽንት ቤት ሲገባ ኦግዌኖ በር ላይ ይቆማል።

«ዲስኩን እዚያ ልትጥለው ነው?»

«ግባና ፈልገዋ!»

ማዳም አፖንዲ ከኮምፒዩተሯ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ የታተሙትን መጽሔቶች በሲባጎ በታሰረ ካርቶን ተሸክማ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሚጎሪ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ እንደዚያው ያለ ዲስክ ተገኘ» አለች።

«እግዜር ይስጥልን ማዳም፣ እንቅልፍ አሳጣንዎት» አለ ኦጂጆ።

«ለእሳቸው ያልሆነ ለማን ይሆናል?»

ኦግዌኖ ሲባጎውን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

«አሁን ልታነብ ነው?» አለ ኦጂጆ። «ሬሳው ቀድሞን ሊደርስ!»

«እሺ፤ ግን ካርቶኑ ከመሃላችን ንቅንቅ አይልም።»

ካርቶኑን መሃል አድርገው መኪናው ውስጥ ገቡ። ማዳም አፖንዲንም በአክብሮት ከፊት አስቀመጧት።

ድንኳኑ ሥር መጽሔቱ ለአራት መቶ ለቀስተኛ ታደለ። ፓስተሩ ማይክሮፎኑን አስጠግተው ትልቋን ሚስት ከነልጆቿ ጠሩ፤ ሁለተኛዋን ከነልጆቿ ጠሩ፤ ገጹን ገለጡና ቀጠሉ።

«ሦስተኛዋ ባለቤታቸው፣ ማዳም አፖንዲ፣ ከአራት ልጆቻቸው ጋር።»