በአፉ የተደፋው ኩባያ

ሰማያዊው ኩባያ በአፉ ተደፍቷል። ይህን ያየሁት ልጄ አራቱን ክኒኖች ከዋጠች በኋላ ነው።

ምልክታችን ነው። የሐሙሱን መድኃኒት የሰጠ ሰው መስኮቱ ላይ ያለውን ኩባያ ይደፋዋል። ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ የምሰጣት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን እኔ ከሥራ አመሻለሁ ብዬ ስለነበር አባቷ ሰግቶ ጠዋት ሰጥቷታል። እኔም መድኃኒቱ እንዳይረሳ እየሰጋሁ ሮጬ ገባሁና ኩባያውን ሳላይ ባገኘሁት ብርጭቆ ሰጠኋት።

«ጠዋት አባትሽ ክኒን ሰጥቶሽ ነበር?»

«መሰለኝ» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «የሰጣችሁኝን እውጣለሁ። መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ እኮ፣ እማ።»

ሐኪሟ ወረቀት ላይ በር ስሎ ነበር ያስረዳን። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ካንሰሩን የሚገቱ ዘበኞች አሉ። አንድ ፕሮቲን እየገፋ ያስወጣቸዋል። መድኃኒቱ ያንን ፕሮቲን ይይዘዋል፤ ዘበኞቹም ውስጥ ይቀራሉ። «የጤነኛውንም ሕዋስ በር ስለሚዘጋ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» አለን። ያን ቀን ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር።

ሆስፒታል እደውላለሁ። ስልኩን ተረኛዋ ነርስ ታነሳለች።

«ረጋ ይበሉ፣ እናቴ። መቼ ነው የዋጠችው?»

«አሁን። ጠዋትም።»

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ለማስመለስ አይሞክሩ። አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ። የመድኃኒቱን ጠርሙስም እንዳይረሱ።»

ባሌ የአውቶቡስ ነጂ ሸሚዙን እንደለበሰ ከጓዳ ብቅ ይላል። የሰማው ይበቃዋል።

«ደፍቼው ነበር እኮ።»

«አየሁት።»

«ደፍቼው ነበር» ይላል እንደገና፣ ቀስ ብሎ።

ልጃችን ጉልበቷ የፈቀደላትን ያህል ትስቃለች። «ሌላው አስታማሚ አጥቶ ይሞታል። እኔ በዝቶብኝ።»

«አታሟርቺ» እላታለሁ። በቤታችን የማሟርተው እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ ሳስብ ኖሬያለሁ፦ ትኩሳቱን፣ መድማቱን፣ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ መምጣቱን። በገዛ እጄ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አባቷ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያቅፋታል። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ቀልላ አታውቅም። ደረጃውን ሲወርዱ እግሮቿ በክንዱ ላይ ይወዛወዛሉ።

ጠርሙሱን በመዳፌ ጨብጬ መብራቱን አጠፋለሁ። ኩባያው እንደተደፋ መስኮቱ ላይ አለ። አልነካውም።

በሩን ዘግቼ ቁልፉን ሁለቴ አዞራለሁ። ውስጥ የቀረ ዘበኛ የለም።