የጎደለችው የሸሚዝ ቁልፍ

ልጅቷ በደረቷ ተኝታ እጇን ከቁም ሳጥኑ ሥር ሰደደች። የሸረሪት ድር፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ። የሸሚዝ ቁልፍ ግን የለም።

«ስንት አገኘሽ?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

«ስድስት።»

«ሰባት ናቸው።»

ወይ ጣጣ! የሰው እናት ቤቱ መጠረጉን በዓይኗ አይታ ታምናለች። የእሷ ግን ልብስ ሰፊ ናትና ቁልፍ ሞልቷታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ሳትነቃ ሰባት ነጫጭ ቁልፎች በየጥጋጥጉ ትደብቃለች። ሰባቱም ተለቅመው መስኮቱ ላይ ካልተደረደሩ ቤቱ አልተጠረገም፤ ቤቱ ካልተጠረገ ደግሞ ከደጅ ንቅንቅ የለም። ልጅቷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሞኝ አይደለችም፤ መጥረጉን ትታ መልቀሙን ከተካነች ቆይታለች። የእናቷን መደበቂያ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም፣ ቤቱ «ጸዳ» ይባላል፤ አቧራው እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። አቧራውን ማን አየው? የሚቆጠረው ቁልፉ ነው።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም። አባቷ በከተማዋ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየችውም፤ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ሩቅ ነው የሚኖረው። በሰው ስልክ ደውሎ፣ «አውቶቡሱ መናኸሪያ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ልክ ስድስት ሰዓት ይነሳል፤ ነይና ልይሽ» አላት። እናቷ ስትሰማ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ቤቱን ጨርሰሽ ሂጂ» አለች፣ በቃ። ልጅቷ እሰይ ብላ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ ነው ሥራ የጀመረችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፍራሹን ገለበጠች፤ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አራገፈች።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ የት እንደደበቅሻት ጠቁሚኝ!»

«ከጠቆምኩሽማ ምኑን ጠረግሽው?»

«አይጥ ውጧት ከሆነስ? አይጥ ልረድ?»

«ምላስሽን ትተሽ መጥረጊያውን ያዢ።»

ያዘች። ምን ታድርግ? ጥላ ብትሮጥ፣ «አንቺም እንደ አባትሽ ጥለሽኝ ሄድሽ» መባሏ አይቀርም፤ ያቺን ቃል ደግሞ አትችላትም። ስለዚህ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ከልቧ ጠረገችው። ከሶፋው ሥር የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። ቀሚሷ ጠቆረ፤ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። መናኸሪያው በሩጫ አሥር ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ለስድስት አምስት ጉዳይ ብሏል።

እያለቀሰች ልትለምናት ወደ ስፌት መኪናው ዞረች፤ ያኔ ነው ልብ ያለችው። እናቷ ጨርቁን በግራ እጇ ብቻ ትገፋለች። ሁልጊዜ ጨርቅ የሚመራው ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተጨብጦ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ እጅሽን ክፈቺ።»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ፣ ሥራ ላይ...»

«ክፈቺ!»

ከፈተች። ነጯ ቁልፍ መዳፏ ላይ በላብ ተጣብቃለች።

«ልደብቃት ስል ረስቻት ነው» አለች፣ እጅ ከፍንጅ ተይዛ እንኳ። ከዚያ ዓይኗን ቁልፏ ላይ ተክላ እውነቱን ተናገረች። «‹ነይ አብረን እንሂድ› ቢልሽ እምቢ አትዪውም ብዬ ነው።»

ልጅቷ እናቷን ጠላቻት፤ ከአንጀቷ ጠላቻት። አባቷ ግራ ቀኝ እያየ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲወጣ፣ «ልጅቷ ቀረች» ሲል ታያት። ሰዓቱ ስድስት ሆነ፤ ከስድስትም አለፈ።

«አሁንም ብትሮጪ ትደርሺበታለሽ» አለች እናቷ በቀስታ። «አውቶቡስ መቼ በሰዓቱ ተነስቶ ያውቃል?»

ልጅቷ አልሮጠችም፤ ጠልታትም ቢሆን ጥላት መሄድ አልቻለችም። መጥረጊያዋን አነሳችና ከስፌት መኪናው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እግርሽን አንሺ።»

እናቷ ሁለቱንም እግሯን ከመሬት አነሳች። ልጅቷ ከሥሯ የክር ቁርጥራጩን ጠረገች፣ ጥጉን ጠረገች፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ እግሮቿን አየር ላይ እንደሰቀለች ‹አውርጂ› እስክትላት ጠበቀች፤ ልጅቷ ግን አላለቻትም።